አባ ማስያስና የፍራስካቲ ኮረብታ

እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ባለፈው ክረምት ሮም የምትኖረውን አክስቴን ለመጠየቅ በሄድሁ ጊዜ፣ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ፍራስካቲ ኮረብታ ወጣሁ። በዚያ ባለው የካፑቺን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን፣ በአገራችን አባ ማስያስ የተባሉት ካርዲናል ጉልየልሞ ማሳያ ተቀብረዋል።

እኒህ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1809 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንቴ ተወለዱ። በ1846 በኦሮሞ አገር እንዲያስተምሩ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በጉድሩና በከፋ ከሠሩ በኋላ፣ በ1868 ከታጁራ ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው ሸዋ ገቡ። ያ የነጋዴ መንገድ በእኛው በይፋት ቆላ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ንጉሥ ምኒልክም በክብር ተቀብለው በፊንፊኔ ቦታ ሰጧቸው።

አባ ማስያስ ከስብከታቸው ጋራ ለብዙ ሰው የፈንጣጣ ክትባት ሰጥተዋል። በ1879 ግን በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ የ35 ዓመት ትዝታቸውንም በ12 ቅጽ ጻፉ፤ በ1889 ዐረፉ።

በመቃብራቸው አጠገብ ቆሜ ያሰብሁት አያቴን ነው። በልጅነቷ ፈንጣጣ ፊቷን አጠቋቍሮ ሁለት ወንድሞቿን ወስዶባታል። መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው ወደ ሸዋ ከገባ መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው። በሽታው ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ዕውቀት በእንግዳ እጅ መጥቶ ከእንግዳው ጋራ ከተመለሰ ለአገር አይበቃም። ስለዚህ እኔ ሐኪም ለመሆን፣ ተምሬም ወደ ቆላችን ለመመለስ ቈርጫለሁ።