አባ ሰላማና የጋራው ቋንቋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እኛ የፃግብጂ ወጣቶች ያደግነው በሦስት ቋንቋዎች መካከል ነው። በቤት ኽምጣና፥ በገበያ አማርኛ፥ በቅዳሴ ግዕዝ እንሰማለን። ነገር ግን አንድ ልጅ በጉባኤ ሲያነብ የኽምጣና ቃና ከተሰማበት አንዳንዶቻችን ፈገግ እንላለን፤ ልጁም በሚቀጥለው እሑድ ለማንበብ እጁን አያነሣም። ስለዚህ የከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማን ሕይወት ከዚህ አንጻር ልንመለከት ወደድን።

አባታችን ቀድሞ ፍሬምናጦስ ይባሉ ነበር፤ አገራቸውም ጢሮስ ነው። ጢሮስ የፊንቄ ከተማ ሆና ሳለች የተማሩት ልጆቿ ጽርእ፥ ማለት የግሪክን ቋንቋ፥ ያውቁ ነበር። ይህ እንዴት ሆነ?

ግሪኮች ራሳቸው በጥንት ዘመን አንድ ወጥ ንግግር አልነበራቸውም። የአቴና ሰው በአቲክ፥ የስፓርታ ሰው በዶሪክ፥ የሌስቦስ ሰው በኤኦሊክ፥ በታናሽ እስያ ጠረፍ ያሉትም በዮንያ ንግግር ይናገሩ ነበር። የመቄዶንያ ነገሥታት የአቴናን ንግግር ለቤተ መንግሥት ጽሕፈት ያዙት። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ336 እስከ 323 በነገሠው በእስክንድር ዘመን ደግሞ ከየአገሩ የመጡ ወታደሮችና ነጋዴዎች በአንድ ሰፈር ተደባለቁ። መሠረቱ የአቴና ሆኖ የሌሎቹም ገባበት። ባሕርን የአቴና ሰዎች ታላታ፥ ሌሎቹ ታላሳ ይሉት ነበር፤ የጋራው ንግግር ታላሳን ያዘ፤ በወንጌልም የምናገኘው ይህንኑ ነው። ቋንቋው ኮይኔ ተባለ፤ ትርጓሜውም የጋራ ማለት ነው። እስክንድር በ332 ጢሮስን ሲይዝና በ331 እስክንድርያን ሲቈረቍር ቋንቋው ተከትሎት ገባ።

ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ4ኛው መቶ ዓመት፥ ብላቴናው ፍሬምናጦስ ከኤዴስዮስ ጋር ሆነው ሜሮጵዮስ የተባለውን ፈላስፋ ተከትለው በቀይ ባሕር ተጓዙ። መርከባቸው ወደ ወደብ ሲጠጋ በሮማውያን የተቈጡት የአገሩ ሰዎች መንገደኞቹን ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ሲያጠኑ ተገኙና በርኅራኄ ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የመጠጥ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስ የግምጃ ቤትና የጽሕፈት ኃላፊ ሆኑ። አክሱም ጽርእን ታውቅ ነበርና፤ የወርቅ ገንዘቧ ጽሕፈት በጽርእ ነበር፥ የንጉሥ ኢዛናም ድንጋይ በጽርእ፥ በግዕዝና በሳባ ፊደል ተጽፏል። የጋራው ቋንቋ ለምርኮኛው ልጅ እንጀራ ሆነለት።

ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲረዱ ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስም ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለጉ የጸሎት ቤት እንዲያቆሙ አደረጉ። ኋላ ወደ እስክንድርያ ወርደው ጉዳዩን ለቅዱስ አትናቴዎስ ነገሩ፤ እርሱም እርሳቸውን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ ላካቸው።

አባታችን ጽርእ ብቻ ይበቃል ቢሉ ኖሮ ወንጌል ከነጋዴዎች ሰፈር ባልወጣ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍትን ወደ ግዕዝ መተርጐም ጅማሬ ከእርሳቸው ዘመን ጋር ታያይዘዋለች። ወንጌል የሚለው ቃል ራሱ ከጽርእ የመጣ ነው፤ በስቅለትም ኪርያላይሶን ስንል በጽርእ እንለምናለን።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ኮይኔ ሲሰፋ የየአገሩ ንግግሮች ቀስ በቀስ ጠፉ፤ ከዶሪክ ወገን የቀረው ጥቂት ሰዎች የሚናገሩት ጻኮንያ ብቻ ነው። የጋራ ቋንቋ ድልድይ ነው፤ ድልድይ ስላለን ግን ቤታችንን አናፈርስም። አማርኛችንን አጥርተን እንማር፥ ግዕዙንም እናጥና፤ ኽምጣናውንም አንፈርበት። የተማርነውን ማታ ለአያቶቻችን በኽምጣና ብንነግራቸው የአባ ሰላማን ሥራ በትንሹ ሠራን ማለት ነው። ያ ልጅም በሚመጣው እሑድ እጁን ሲያነሣ ዝም ብለን እናድምጠው።

የአባታችን የዕረፍታቸው መታሰቢያ ሐምሌ 26 ቀን ነው። በረከታቸው ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።