ቲሞቲ ሃክዎርዝና የከሰል ጭነት ባቡር

በ1827 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የስቶክተንና የዳርሊንግተን ምድር ባቡር ኩባንያ በእንፋሎት መኪናዎቹ ላይ የነበረው እምነት እየተሟጠጠ ሄዶ ነበር። ሐዲዱ በመስከረም 1825 ዓ.ም. ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ኒውካስል ከሚገኘው የእስቲቨንሰን ፋብሪካ የመጡት ሎኮሞቲቮች እንፋሎት ያጥራቸዋል፤ ቀልጦ በተፈሰሰ ብረት የተሠሩት ጎማዎቻቸው ይሰበራሉ፤ ለጥገና የሚወጣውም ገንዘብ ብዙ ነው። ስለዚህም ጭነቱ ሁሉ እንደ ቀድሞው በፈረስ ቢጐተት ይሻላል የሚለው አሳብ በኩባንያው ውስጥ ደጋፊ አገኘ። የእነዚህ መኪናዎች ኀላፊ ኾኖ ሺልደን በተባለው ስፍራ ይሠራ የነበረው ሰው ቲሞቲ ሃክዎርዝ ነው።

ሃክዎርዝ በ1786 ዓ.ም. በታይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ዋይላም በተባለች የከሰል ማዕድን መንደር ተወለደ። ጆርጅ እስቲቨንሰንም ከአምስት ዓመት በፊት የተወለደው እዚያው ነው። አባቱ የማዕድኑ ቀጥቃጮች አለቃ ስለ ነበረ ልጁ በመዶሻና በወናፍ መካከል አደገ፤ ከአባቱም ሞት በኋላ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መባቻ ቦታውን ተረከበ። በዊልያም ሄድሊ መሪነት «ፓፊንግ ቢሊ» የተባለችው የከሰል መጐተቻ በ1813 እና በ1814 ዓ.ም. ስትሠራ በብረት ሥራው እጁ ነበረበት። የሜቶዲስት ሃይማኖት ተከታይና ሰባኪ ስለ ነበረ፣ እንደሚነገረው በሰንበት አልሠራም ብሎ በ1816 ዓ.ም. ከዋይላም ለቀቀ።

በ1825 ዓ.ም. ኩባንያው ሲቀጥረው ዋና ተግባሩ ሌሎች የሠሩትን መኪና እየጠገኑ ማስኬድ ነበር። የሙያ ባልደረቦቻችን እንደሚያውቁት የመኪናን ጠባይ ከጠጋኙ ይልቅ የሚያውቀው የለም። በ1827 ዓ.ም. አንድ መኪና በራሱ አሳብ እንዲሠራ ሲፈቀድለት ያወጣው «ሮያል ጆርጅ» የተባለው ሎኮሞቲቭ የዚህ ዕውቀት ውጤት ነው።

በቀደሙት መኪናዎች የእሳቱ ቱቦ በቦይለሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ያልፍ ስለ ነበረ ከሙቀቱ ብዙው ውኃውን ሳያፈላ በጭስ መውጫው ይሄዳል። ሃክዎርዝ ቱቦውን እስከ ቦይለሩ ጫፍ ወስዶ እንደ ገና ወደ መነሻው መለሰው፤ እሳት ውኃውን የሚነካበትም ገጽ በዚሁ እጅግ ሰፋ። የእሳቱ በርና የጭስ መውጫው በአንድ ወገን በመዋላቸው ከሰል ጨማሪው በአንደኛው ጫፍ፣ ነጂው በሌላኛው ጫፍ ቆመው ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ሥዕሉን ለሚያይ ሰው ነገሩ እንግዳ መምሰሉ አይቀርም። ስድስቱ ጎማዎች በማያያዣ ዘንግ ስለ ተጣመሩ የመኪናው ክብደት በሙሉ ሐዲዱን ለመቈንጠጥ ያገለግላል።

ሥራውን ጨርሶ ከሲሊንደር የሚወጣውን እንፋሎት ደግሞ አፉ በጠበበ ቧንቧ ወደ ጭስ መውጫው ተኰሰው። እንፋሎቱ ጭሱን እየጐተተ ሲወጣ ከታች አዲስ አየር ይስባል፤ መኪናው በሮጠ መጠን እሳቱ ይነዳል። በወናፍ ሥር ላደገ ቀጥቃጭ ይህ ሩቅ አሳብ አልነበረም። ፈልሳፊው ማን ነው በሚለው ላይ ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ ትሬቪቲክ በ1804 ዓ.ም. እንፋሎቱን ወደ ጭስ መውጫ መርቶ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በእኔ ግምት የሃክዎርዝ ድርሻ አሳቡን ለዕለት ተዕለት የጭነት ሥራ ማብቃቱ ነው።

በ1828 ዓ.ም. «ሮያል ጆርጅ» 22,422 ቶን ጭነት 20 ማይል አጓጓዘ፤ ወጪው 466 ፓውንድ ሲኾን ይኸው ሥራ በፈረስ ቢሠራ 998 ፓውንድ ይፈጅ እንደ ነበር ተሰልቷል። ይሁን እንጂ አደጋው አልተወገደም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር «ሎኮሞሽን» የተባለው የኩባንያው የመጀመሪያ መኪና ቦይለሩ ፈንድቶ ነጂው ሞተ። መኪናውን መልሶ የሠራው ሃክዎርዝ ነው።

በጥቅምት 1829 ዓ.ም. የሊቨርፑልና የማንችስተር ምድር ባቡር በሬንሂል ባደረገው ውድድር ላይ «ሳን ፓሬይ» የተባለች መኪና አቀረበ። ክብደቷ ለባለ አራት ጎማ ከተፈቀደው 4 ቶን ተኩል አለፈ፤ ነዳጅም ታባክናለች። በመጨረሻም የውኃ መግፊያው ተበላሸ፤ ኒውካስል የተሠራው ሲሊንደሯም ተሰነጠቀ። ደጋፊዎቹ በዚህ ስንጥቅ ምክንያት እንደ ተበደለ አጥብቀው ይከራከራሉ፤ ሲሊንደሩ ባይሰነጠቅም ግን 25 ቀጫጭን ቱቦ የነበራትን የእስቲቨንሰንን «ሮኬት» ትረታ ነበር ማለት ያስቸግራል። ቀጥ ብለው የቆሙት የሃክዎርዝ ሲሊንደሮች ሐዲዱን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጡ ነበር፤ ባለ መመለሻውንም ቱቦ ጊዜው ካለፈ በኋላ አልተወውም። ሩጫ ለሚሻው መንገደኛ ይህ ጕድለት ነበር፤ ቍልቍል ወደ ወደብ የሚወርድ ከሰል ግን አይቸኵልም።

ከ1833 ዓ.ም. ጀምሮ የኩባንያውን መኪናዎች በኮንትራት እያስኬደ ሺልደን ላይ የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ። በ1836 ዓ.ም. ለሩሲያ የሠራውን ሎኮሞቲቭ ይዞ የሄደው ገና ወጣት የነበረው ልጁ ጆን ነው። በ1840 ዓ.ም. ከኩባንያው ተሰናብቶ በፋብሪካው ብቻ ሲሠራ ከቈየ በኋላ ሐምሌ 7 ቀን 1850 ዓ.ም. ሺልደን ላይ ሞተ። በሬንሂል የተሸነፈችው «ሳን ፓሬይ» በቦልተንና በሌይ መስመር እስከ 1844 ዓ.ም. ጭነት ስትጐትት ቈይታ፣ ከዚያ ወዲህ በኮፐል የከሰል ማዕድን ተተክላ ሠሪዋ በሞተ በ13ኛው ዓመት፣ በ1863 ዓ.ም. ከሥራ ወጣች።