የእረኛውን ዋሽንት ወደ ኦርኬስትራ መድረክ ያደረሱት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

ዓለም ከተማ፦ በመርሐ ቤቴ ቆላ ፍየል የሚያግድ፣ በመንዝ ደጋ በግ የሚጠብቅ እረኛ ዋሽንት ለመማር ደብተር አያወጣም። ሸምበቆውን ቆርጦ፣ በጋለ ብረት ቀዳዳዎቹን በስቶ፣ ከታላላቆቹ የሰማውን ዜማ በጣቱና በትንፋሹ ያጠናል። የዚህን እረኛ ዋሽንት መነሻ አድርገው ለሙሉ ኦርኬስትራ ሙዚቃ የደረሱት፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ነበሩ።

አሸናፊ በ1930 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተወለዱ። ባደጉበት ዘመን የምዕራቡ ዓለም ሙዚቃ በኢትዮጵያ በዋናነት የሚሰማው በክቡር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ነበር። አሠልጣኞቹም ብዙዎቹ የውጭ ሀገር ሰዎች ነበሩ። ኖታ አንብቦ፣ ሙዚቃ ጽፎ፣ ኦርኬስትራ የሚመራ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ብርቅ ነበር።

ወጣቱ አሸናፊ ይህን ዕውቀት ፍለጋ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኒውዮርክ ግዛት በሮቼስተር ከተማ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ተመርቀው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ።

ከተመለሱ ብዙም ሳይቆዩ፣ ገና በ20ዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ላይ ሳሉ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውንና በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የማቋቋም ኀላፊነት ወሰዱ። እስከ 1960 ዓ.ም ድረስም በዳይሬክተርነት መሩት። በትምህርት ቤቱ ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ ሳይኾኑ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንትም መማሪያ ኾኑ።

ይህ በዘመኑ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ዘመናዊነት ከውጭ በሚመጣ ነገር በሚለካበት ወቅት፣ የአዝማሪን ማሲንቆ ከፒያኖ እኩል የትምህርት ክፍል ማስገባት ብዙዎችን የሚያስገርም ነበር። አሸናፊ ግን የኢትዮጵያ ሙዚቃ የራሱ ሥርዓት ያለው ዕውቀት መኾኑን ያምኑ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በ5 ድምፆች የተዋቀሩ ናቸው። የፒያኖ ቁልፍ ድምፁ አስቀድሞ የተወሰነ ሲኾን፣ ዋሽንት ነፊው ግን ድምፁን በትንፋሹ ዝቅና ከፍ ማድረግ፣ ማወዛወዝም ይችላል። እነዚህን ሁለት ዓለማት አንዱ ሌላውን ሳይውጠው ማገናኘት የአሸናፊ የዕድሜ ልክ ሥራ ኾነ።

“እረኛው ዋሽንተኛ” የተሰኘው ድርሰታቸው የዚህ ጥረት ውጤት ነው። በሥራው ውስጥ የፍሉት ድምፅ በመስክ ላይ ብቻውን እንደሚነፋ እረኛ ይሰማል፤ ኦርኬስትራው ደግሞ በዙሪያው ያለውን ዓለም ይኾናል። እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ መርተዋል። “ኮቱሬዢያ” በተባለው ሥራቸው የጃፓንን ባለ አውታር መሣሪያ ኮቶን ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር አጣምረዋል።

ከዳይሬክተርነቱ በኋላ ዳግም ወደ ትምህርት ተመለሱ። በአሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባሕላዊ መሠረት ላይ ጥናት አቅርበው እ.ኤ.አ. በ1971 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ከዚያም በኒውዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስና በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ።

ብዕራቸው ግን ከሀገር ቤት አልራቀም። ስለ አዝማሪ፣ በገና የጸሎት መሣሪያ ኾኖ ሲከበር ክራር ለምን የሰይጣን መሣሪያ እንደተባለች፣ እንዲሁም ስለ ክርስቲያኖችና ስለ ቤተ እስራኤላውያን ቅዱስ ዜማ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት መጽሐፍም የአፍሪካንና ከአፍሪካ የፈለሱ ጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥር የመረመረ ነው። አዝማሪ በየመንደሩ እየተፈለገ በሚናቅበት ሀገር፣ ጥበቡን የዩኒቨርሲቲ ጥናት ርእስ ማድረጋቸው ለባለሙያው የተሰጠ ክብር ነበር።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1998 በ60 ዓመታቸው በፍሎሪዳ ግዛት ታላሃሲ ከተማ ዐረፉ። የኢትዮጵያን እረኛ ዜማ ለዓለም ያሰሙት ሰው የመጨረሻ ዘመናቸውን ከእረኛው መስክ ርቀው አሳለፉ። የመሠረቱት ትምህርት ቤት ግን ሥራውን ቀጥሏል። በዓለም መድረኮች የሚታወቀው የፒያኖ ባለሙያ ግርማ ይፍራሸዋም የሙዚቃ ትምህርቱን የጀመረው እዚያው ነው።

ለገጠሩ ማኅበረሰብ የአሸናፊ ሕይወት የሚያነሣው ጥያቄ ዛሬም መልስ ይፈልጋል። ገበሬ የአባቶቹን ዘር ለአንድ ዓመት መዝራት ቢተው በቀላሉ ላያገኘው ይችላል። ዜማም እንዲሁ ነው። በኖታ ወይም በድምፅ መቅጃ ያልተቀመጠ የእረኛ ዜማ፣ የሚያውቀው ሽማግሌ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ዛሬ በመስክ ላይ ከዋሽንት ይልቅ የእጅ ስልክ ድምፅ የሚሰማበት ጊዜ እየበዛ ነው። በእያንዳንዱ ቀበሌ የባሕል ባለሙያ፣ መምህርና ወጣት በእጁ የያዘውን ስልክ ሽማግሌውን ለመቅዳት ቢያውለው፣ ያ ዜማ ለቀጣዩ ትውልድ ይደርሳል። አሸናፊ በወረቀትና በኖታ የጀመሩት ሥራ፣ በዚህ ዘመን ለማንኛውም ሰው የሚቻል ኾኗል።