በቀለም ከተከፈለ ሜዳ የተነሡት ይድነቃቸው ተሰማ

ጦርነት በኢትዮጵያ ስፖርት ላይ ያሳረፈው አሻራ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአዊ ምድር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች መዘከርን ዓላማው አደረገ። በአዲስ አበባ ደግሞ የወረራው ዘመን የዘር ልዩነትን በኳስ ሜዳ ላይ ያዩ ወጣቶችን አፈራ። ከእነዚህ አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን ተሻግረው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ስመ ጥር የኪነት ሰው ናቸው።

ልጃቸው የተጫወቱለት ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው ጦርነቱ በተፋፋመበት በ1928 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ወራሪው መዲናዋን ያዘ። ሐበሻ ከነጭ ጋር እንዳይጋጠም ተከለከለ፤ ለአገሬው ተወላጅ የተለየ ውድድር ተደራጀ። ከነጻነት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ሻምፒዮና ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአርመኖች፣ ከግሪኮች፣ ከጣሊያኖችና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድኖች ጋር በአንድ ሜዳ ተሰለፈ። ጃኪ ሮቢንሰን የአሜሪካን ቤዝቦል የቀለም አጥር የጣሰው ከዚህ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ይድነቃቸው ለክለባቸው ከ300 በላይ ጎሎች እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ስማቸውን ከሀገር ያሻገረው ግን ከሜዳ ውጭ የሠሩት ሥራ ነው። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ እሳቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተገለለች። የግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ስለነበረች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ፤ በዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በእሳቸው አሠልጣኝነት ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበር። ወራሪው በቀለም በከፋፈለው ከተማ እንዲህ ያለ አምበል ዋንጫ ማንሣቱ ከውጤቱ ባልተናነሰ የሚታወስ ነው።

ለዓለም ዋንጫ አፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ ስላልነበራት አህጉሪቱ ከ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) ውድድር ራሷን ስታገል፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ትግሉን የመሩት እሳቸው ናቸው። በቀጣዩ ውድድር ቦታው ተገኘ። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በሥልጣን ላይ እንዳሉ ዐረፉ። በ1988 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾቿን አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ በጆሃንስበርግ ስታነሣ፣ እሳቸው ካለፉ ስምንት ዓመት ተቆጥሮ ነበር።