ጉልየልሞ ማርኮኒና ደካማው ድምፅ

ቫቲካን ራዲዮን ስናዳምጥ የጣቢያውን መሥራች መሐንዲስ የጉልየልሞ ማርኮኒን ሕይወት ማወቅ ይገባናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ በ1874 በኢጣልያ፣ በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ያለ ሽቦ መልእክት የማስተላለፍን ጥበብ መመርመር ጀመረ። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 በኒውፋውንድላንድ፣ በሴንት ጆንስ ከተማ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ሆኖ፣ የአንቴናውን ሽቦ በነፋስ በምትንሳፈፍ ካይት ወደ ላይ አስወጣ፤ ማዳመጫውንም በጆሮው ላይ አደረገ። 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከእንግሊዝ አገር የፖልዱ ጣቢያ፣ በሞርስ ፊደል ሦስት አጫጭር ምት የሆነው የኤስ ፊደል ይላክ ነበር። ማርኮኒም በአየሩ ጫጫታ መካከል እጅግ የደከሙ ሦስት ምቶችን ሰማ። ጆሮውንም ብቻ ስላላመነ ማዳመጫውን ለረዳቱ ለኬምፕ ሰጠው፤ እርሱም መስማቱን መሰከረ።

ይሁን እንጂ ድምፁን በወረቀት የመዘገበ መሣሪያ አልነበረም፤ ሰዓቱም ቀትር ነበር። ስለዚህ ሊቃውንት ተጠራጠሩ፤ ሁለቱ ሰዎች የሰሙት የመብረቅ ጫጫታ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ እስከ ዛሬ አለ። ማርኮኒ ግን በክርክር አልተወሰነም፤ በፌብሩዋሪ 1902 ፊላደልፊያ በተባለችው መርከብ ላይ እየተጓዘ ምልክቶቹን በወረቀት ጥብጣብ አስመዘገበ፤ የራዲዮ ሞገድ ከቀን ይልቅ ሌሊት ርቆ እንደሚሰማም ተረዳ።

በ1909 ከካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እርሱ የሠራውን ቫቲካን ራዲዮን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1931 መርቀው ከፈቱ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን የምንደብቀው ነገር አይኖርም። ማርኮኒ የፋሽስት ፓርቲ አባል ነበር፤ በ1935 በአገራችን ላይ የተፈጸመውንም ወረራ በይፋ ደገፈ። በ1937 በሮማ ሲያርፍ አባቶቻችን ገና በመከራ ውስጥ ነበሩ። ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣውን ደካማ ምት የለየ ጆሮ የተበደለውን ሕዝብ ጩኸት አልለየም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ታሪኩን ለልጆቻችን ስትነግሩ ሁለቱንም ንገሩ። የሰማውን በሌላ ጆሮና በጽሑፍ ማስረጃ የሚመረምር ትጋቱን እንማር፤ ዕውቀት ብቻውን ልብን እንደማያቀናም እንወቅ።