ቋንቋውን ሁለት ጊዜ የተማረው ሂካ

በምግብ አዳራሹም ሆነ በመኝታ ክፍሎቻችን ስለ ባህል ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ ብዙዎቻችን ባህልን ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ፣ አንድ ጊዜ ከያዙት የማይለቅ ነገር አድርገን እናቀርበዋለን። ከሌላ ክልል የመጣው ጓደኛችንም የራሱን እንዲሁ ይዞ የመጣ ይመስለናል። የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት ግን ይህን አሳብ ክፉኛ ይፈታተነዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ የተወለደው ሕፃን ስሙ ሂካ ነበር። ቃሉ በኦሮምኛ ከመፍታት ጋር የተያያዘ ነው። የታሰረ ይፈታል፤ ነገርም ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲተረጎም ይፈታል። እኛም ሕልም ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል እንላለንና ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ሂካ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት፤ ቀጥሎም ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱት። ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣውና በዚያው በምጽዋ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰጠው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። አናሲሞስ የሚለው ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የማለደለት የባሪያው ስም ነው፤ ስም ያወጡለት ሰዎች ያለፈውን ኑሮውን ሊያስረሱት እንዳልፈለጉ ከዚህ ይታወቃል።

በስዊድን አገር በዮሐኔሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱ። ወዲያውም አገራቸውን ፍለጋ ተነሡ። በሱዳን በኩል ሊገቡ ሞክረው ከአሶሳ ወዲያ ፋማካ ድረስ ቢዘልቁም፣ ማለፍ አልተቻለምና በ1882 ካርቱም ተመልሰው ገቡ፤ የመህዲ ዐመፅ የተነሣበት ጊዜ ነበር። መንገዱ ሲዘጋባቸው ብዕር አነሡ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ለእኛ የሚጠቅመው። አናሲሞስ መተርጎም ሲጀምሩ የገዛ ቋንቋቸው አነሳቸው። ከእናታቸው ቤት የተነጠቁት በልጅነታቸው ነውና በእጃቸው የነበረው የልጅ ኦሮምኛ ነበር፤ ውኃ አምጡ፣ ከብት መልሱ ለማለት የሚበቃ፣ ነቢዩ ኢሳይያስን ለማናገር ግን የማይበቃ። ስዊድንኛ በትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ኦሮምኛን ግን ያስተማራቸው ትምህርት ቤት አልነበረም። ከቦሌ፣ ከሩዋንዳ ሠፈር ተነሥቶ ስድስት ኪሎ ከሚመጣው ተማሪ መካከል ስንቱ ነው የወላጆቹን ቋንቋ ለአያቱ እጅ ከመንሻ በላይ የማያውቀው? አናሲሞስ ግን ይህን ጉድለት ሸፍነው አላለፉም፤ የሚያውቅ ሰው ፈለጉ።

የተገኘችውም ልጃገረድ ነበረች። አስቴር ጋኖ ትባላለች። እርስዋም እንደ እርሳቸው በባርነት ተሽጣ በባሕር ስትጋዝ፣ በ1886 የኢጣልያ መርከብ ጫኚዎቹን ይዞ ነጻ ወጣችና በምጽዋ አጠገብ ወደ እምኩሉ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። አስቴር ቋንቋውን ከነወዙ ታውቀዋለች። ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ቃላት ሰበሰበች፤ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን ከልቧ እያወጣች በጽሑፍ አሰፈረች፤ ቍጥሩም አምስት መቶ ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ፤ አስቴር ካሰባሰበቻቸው ብዙዎቹ በዚህ ውስጥ ገብተዋል። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ፣ ባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ታተመ። በርእሱ ገጽ ላይ የተጻፈው ግን የአናሲሞስ ስም ብቻ ነው። የሚሲዮኑ ዓላማ ወንጌልን መስበክ እንጂ ባህልን ማሳደግ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የአንዲት ልጅ ተረትና ዘፈን ወደ ማተሚያ ቤት የደረሰው በዚሁ በር ነው።

መጽሐፉ የታተመው በግእዝ ፊደል ነበር። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ በኦሮምኛ ደጋ ማለትና ክፉ ማለት የሚለያዩት በመጥበቅና በመላላት ብቻ ስለ ሆነ፣ በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ይሆናሉ። እኛ «ገና»ን ስናነብ በዓሉ ይሁን ጊዜው ከዐረፍተ ነገሩ እንደምንለይ፣ አንባቢው እንዲሁ ከአገባቡ መለየት ነበረበት።

በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ፤ አስቴርም አብራ ሄደች። በነቀምት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አናሲሞስም በኦሮምኛ ሰበኩ። ሕዝቡ ሲገባው ካህናቱ ተቈጡ፤ በ1906 አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ጳጳሱ ከአገር እንዲወጡ ፈረዱ። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው፣ ነቀምት ተመልሰው እንዲኖሩ ፈቀዱ፤ እንዳይሰብኩ ግን ከለከሉ። በቤትህ ኑር፣ በቋንቋህ ግን አታስተምር እንደ ማለት ነው። ከመባረር የተሻለ ፍርድ መሆኑ አይካድም፤ እኔ ግን ዕድሜውን ሙሉ ለዚያ ቋንቋ ለሠራ ሰው ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚከብድ መወሰን አልቻልሁም።

ካህናቱን ብቻ መውቀስም ቀላል ነው። አማርኛ ራሱ ለብዙ ዘመን ከግእዝ በታች የተቀመጠ የጓሮ ቋንቋ ነበር። የአማርኛን መጽሐፍ ቅዱስ የተረጐሙት አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሥራውን የሠሩት ካይሮ ላይ፣ ለፈረንሳይ ቆንስል ሲሆን፣ ሙሉው የታተመውም በ1840 ነው። ይህን የሚያስታውስ የአማርኛ ተናጋሪ፣ የነቀምቱ ሰው የፈለገው ምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። በዚያው ዓመት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። አናሲሞስ በ1931 በሰኔ ወር ነቀምት ላይ ዐረፉ። አስቴር ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች።

በ1991 የኦሮምኛ ጽሕፈት በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ሆነ። ስለዚህ በቁቤ ብቻ የተማረ ወጣት ያንን የ1899 መጽሐፍ ቢያገኘው ቋንቋውን እያወቀ ፊደሉን አያነብም። እኔ ደግሞ ገጹን ከዳር እስከ ዳር አነበንበዋለሁ፤ ከቃሉ ግን አንዱም አይገባኝም። በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር ሁለት ተማሪዎች መጽሐፉን ለማንበብ አንዳችን ድምፁን፣ ሌላችን ትርጉሙን ማዋጣት ይኖርብናል።