ገበያ መሀል ባርኔጣውን ያወለቀው ሰው

ሳሙኤል ጆንሰን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላቱ ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱትን፣ የኢትዮጵያውን ልዑል የራሴላስን ታሪክ እናስታውሳለን። እኔ ግን ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለ ሁለት የገበያ አደባባዮችና ስለ አንድ ጸጸት ነው። ለምን እንደመረጥኩት መጨረሻ ላይ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው አደባባይ ያለው በመካከለኛው እንግሊዝ፣ ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ነው። በእግሬ አልረገጥኳትም፤ በፎቶና በካርታ ነው ያየኋት። ከሩቅ ቀድሞ የሚታየው የካቴድራሏ ሦስት ሹል ማማዎች ናቸው። ከገበያው አደባባይ ጥግ፣ የዳቦ ገበያ ጎዳና ከሚጀምርበት ማዕዘን ላይ አንድ ፎቅ ቤት አለ፤ ከፊት ለፊቱ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትታያለች። ቤቱን ያሠራው ማይክል ጆንሰን የተባለ መጽሐፍ ሻጭ ነበር። ሱቁ ከታች፣ መኖሪያው ከላይ። ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1709 እዚሁ ቤት ተወለደ።

ልጁ ከጨቅላነቱ ጀምሮ በሽታ ያጠቃው ነበር፤ ፊቱና አንገቱ ላይ ጠባሳ ቀረበት፣ ዓይኑም ደከመ። ቢሆንም ያደገው በመጽሐፍ መሀል ነውና እጁ የገባውን ሁሉ ያነብ ነበር። በ1728 ኦክስፎርድ ገባ፤ ግን ገንዘብ አጥሮት ከዓመት ትንሽ አለፍ ሲል ትምህርቱን ጥሎ ተመለሰ። የአባትየውም ንግድ አልሆነለትም።

አባት በገበያ ቀን በየአጎራባቹ ከተማ እየዞረ መጽሐፍ ይሸጥ ነበር። አንዷ የገበያ ከተማ ዩቶክሲተር ስትሆን ከሊችፊልድ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አንድ ጊዜ አባት ታመመና ልጁ በእሱ ፈንታ ሄዶ እንዲሸጥለት ጠየቀው። ልጁ እምቢ አለ። ሥራ በዝቶበት አይደለም፤ ኩራት ነው የያዘው። አባት በ1731 ሞተ። ነገሩም በዚያው ተዳፍኖ ቀረ።

ከዚያ ኑሮ ወዲያ ወዲህ አለው። በ1735 ፖርቱጋላዊው ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ አሳተመ። ሊችፊልድ አጠገብ ትምህርት ቤት ቢከፍትም ተማሪ አጣ። በ1737 ኋላ ዝነኛ ተዋናይ ከሆነው ተማሪው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ወደ ለንደን ሄደ። በ1755 ከ40,000 በላይ ቃላት የያዘው መዝገበ ቃላት ወጣ። ራሴላስን የጻፈው ደግሞ በ1759 እናቱ ስትሞት፣ ለቀብሯ ወጪ ብሎ በአንድ ሳምንት ማታ ማታ ነው።

አሁን ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ወደሚሆነው ልምጣ። በዚያ ዘመን የፓርላማ ክርክር መዘገብ ክልክል ነበር። ጆንሰን የሚሠራበት ጀንትልማንስ ማጋዚን ክርክሩን የተረት አገር ወሬ አስመስሎ ያወጣ ነበር። ከ1741 እስከ 1744 ጸሐፊው ጆንሰን ነው። ግን ፓርላማው ውስጥ ገብቶ አልሰማም ማለት ይቻላል። የተናጋሪዎቹን ስምና ቅንጭብጫቢ ማስታወሻ ይሰጡታል፣ ንግግሩን እሱ ቁጭ ብሎ ይፈጥረዋል። አንባቢው እውነት መሰለው። ጆንሰን ሰው እንደ እውነት እንደተቀበለው ሲረዳ መጻፉን አቆመ፤ እስኪሞት ድረስም ይቆጨው ነበር።

ሁለተኛው አደባባይ የዩቶክሲተር ገበያ ነው። አባቱን እምቢ ካለ 50 ዓመት ገደማ አልፏል። ጆንሰን ሸምግሏል፣ ስሙ በአገሩ ሁሉ ገኗል። ወደ ትውልድ ከተማው በሄደበት ጊዜ፣ አየሩ ከፍቶ ሳለ፣ ወደዚያ ገበያ ሄደ። የአባቱ መሸጫ ከነበረበት ቦታ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ዝናብ ላይ ቆመ። ታሪኩን የምናውቀው ራሱ በእርጅናው ስለተናገረው ነው። በ1784 ሞቶ ለንደን ዌስትሚንስተር አቢ ተቀበረ። በ1838 ሊችፊልድ ገበያ ላይ ሐውልት ሲቆምለት ከመቀመጫው ላይ ከተቀረጹት ምስሎች አንዱ ይሄው ነው፤ ባርኔጣ የሌለው ሽማግሌ። የተወለደበት ቤትም ከ1901 ጀምሮ ሙዚየም ነው።

እኔን የነካኝ ቦታው ነው። ንስሐውን ቤቱ ሆኖ መጨረስ ይችል ነበር። እሱ ግን ጥፋቱ ከተፈጸመበት፣ ሰው ከሚያይበት ገበያ ሄደ። የእኛ ማረሚያም እንዲህ መሆን ያለበት ይመስለኛል፦ ስህተቱ በወጣበት ቦታ።

ቃል ገብቼ የለ? ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር ኮርስ አንዲት ጎመን ሻጭ እናት አነጋግሬ ነበር። ብዙ አላወሩኝም። ማታ ዶርም ቁጭ ብዬ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት አንድ ያላሉትን ነገር አፋቸው ላይ ጨመርኩ። ጽሑፉ ክፍል ውስጥ ተነበበ፣ ተጨበጨበልኝ። የጆንሰንን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ገበያ ሄድኩና አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ ልጅ ወልደው እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ የሚያሳድጉት የሟች እህታቸውን ልጆች ነው።

ለመምህሬ ተናገርኩ፣ ውጤቴም ተቀነሰ። ጽሑፉ የተነበበው እናንተ ፊት ስለሆነ ማረሚያውንም እነሆ እዚሁ እናንተ ፊት አደረግኩ።